ሔዋን ሆና የከረመችው ልጅ

የባጃጁ ሹፌር ጂቱን በመስታወቱ አየት አደረጋትና ያስነሳውን ሞተር መልሶ አጠፋው።

«አንቺን የትም አላደርስም» አለ ፊቱን ሳያዞር። «መጀመሪያ ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቂያት።»

ከጂቱ ጎን የተቀመጠችው አያንቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ይቅርታ የሚገባት «ያቺ ልጅ» እሷው ነበረች። ለዝናቡ ብላ የተከናነበችውን ሻርፕ ከፊቷ ገለጥ አደረገችለት። ሹፌሩ ዞሮ አያት፤ ከዚያ ጂቱን አያት፤ ግራ ገባው።

«ታረቃችሁ እንዴ?»

«መቼ ተጣላን ወንድሜ? ድራማ እኮ ነው» አለችው አያንቱ።

«እሱማ ድራማ ነው» አለ ሞተሩን እያስነሳ። ትንሽ ነድቶ ግን አላስቻለውም። «ቢሆንም በሆድ የሌለ ነገር እንዲህ ባፍ አይወጣም።»

የሐምሌ ዝናብ የባጃጁን ሸራ ይደበድባል፤ ድልድዩን ሲሻገሩ የሑሉቃ ወንዝ ሞልቶና ደፍርሶ ሲወርድ ታየ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አምቦ ጭር ትላለች። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ተሰብስቦ «የአዳራሹ ልጆች»ን ይጠብቃል።

ድራማው ስለ ትወና ተማሪዎች ነው። የተቀረጸው እዚያው አምቦና ዙሪያዋ ነው፤ ተዋናዮቹም ገና ቴአትር የሚማሩ ልጆች ናቸው። አገሬው የራሱን መንገድ፣ የራሱን ዛፍ፣ የራሱን ልጆች በቴሌቪዥን መስኮት ስላየ ከሌላው ድራማ ሁሉ አብልጦ ወደደው። ለጂቱ የደረሳት ሔዋን የምትባለውን ተማሪ ሆኖ መጫወት ነበር። ሔዋን የመሪ ተዋናይቷን ቦታ ለመውሰድ ስትል የልብ ጓደኛዋን ፅጌን በሐሰት ወንጅላ ከትምህርት ቤት ታስባርራለች። ፅጌን የምትጫወተው አያንቱ ናት። ከዚያ ወዲህ አያንቱ በሄደችበት ስትሳም፣ ጂቱ በሄደችበት ስትገረመም ከረመች። ቅዳሜ ገበያ ጎመን ልትገዛ ብትል ሻጯ እስሩን ከእጇ ተቀብላ፣ «ለፅጌ ነው ያስቀመጥኩት» ብላ መልሳታለች። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንዲት ባልቴት አማትበውባታል። ጂቱ ይህን ሁሉ የተከራዩት ክፍል ውስጥ ገብታ እያስመሰለች ስታወራው ሁለቱም በሳቅ ይወድቁ ነበር።

ያላሳቃት የአንዲት ሴት ጥላቻ ብቻ ነው። አሁን የሚሄዱት ወደዚያች ሴት ቤት ነው።

«ልውረድ አያንቱ» አለች ድንገት። «እውነቴን ነው። እሳቸው የጠሩት አንቺን ነው።»

«ሲጠሩኝ ጓደኛሽን ትተሽ ነይ አላሉኝም» አለች አያንቱ እጇን ጨብጣ። «ነገ ጌዶ አባትሽ ቤት ትገቢያለሽ። ሳታይው ልትሄጂ ነው?»

ጂቱ ወደ ዝናቡ ዞረች።

*

«ሳታይው» የተባለው ናትናኤል ነው።

ናትናኤልም የቴአትር ተማሪ ነው፤ ግን ሰው ፊት መቆም ያፍራል፤ ስለዚህ የድራማውን ድምፅ የሚቀዳው እሱ ነበር። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ትንሿን የደረት ማይክ የሚሰካላት እሱ ነው። ሲሰካላት ዓይኑን ወደ ሌላ ቦታ ያደርጋል፤ ጣቱ እንዳይነካት እንቁላል እንደያዘ ሰው ይጠነቀቃል። መጀመሪያ ልቧን የነካው ያ ጥንቃቄው ነው። አንድ ቀን ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ እንዲህ አላት፦

«ከመናገርሽ በፊት ትንፋሽ ትወስጃለሽ። ሔዋን ስትሆኚ አጭር ናት። አንቺን ስትሆኚ ረጅም ናት።»

ከተማው በሙሉ ሔዋንን ከጂቱ መለየት ባቃተው ሰሞን እሱ በትንፋሽ ለያቸው። ጂቱ ያን ቀን ምግብ አልበላ አላት።

ከዚያ በኋላ ቀረጻ ሲያልቅ አብረው መመለስ ለመዱ። ትላልቆቹ ዛፎች ሥር ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፤ እሱ ስለ ድምፅ ያወራታል፤ የዝናብ ድምፅ በቆርቆሮና በሣር ላይ እንዴት እንደሚለያይ፤ ሰው ሲዋሽ ድምፁ የት ላይ እንደሚቀጥን። እሷ ስለ ጌዶ ታወራዋለች፤ ስለ አባቷ ስለ ኦቦ ፉፋ፤ ከብት ሲገዙ በሬውን ትተው የሻጩን ፊት እንደሚያዩ። እወድሻለሁ አላላትም። ያላት፣ «ቀረጻው ሲያልቅ የምነግርሽ ነገር አለ» ብቻ ነው። እሷም ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። የምታውቀውን ነገር ምን ብላ ትጠይቅ?

የናትናኤል እናት ወይዘሮ ዘርፈሽ ከባላቸው ከአቶ ገብረአማኑኤል የቀረውን የጥበብና የነጠላ ሱቅ ይዘው ልጅ ያሳደጉ፣ በአምቦ ነጋዴ ዘንድ ስማቸው የከበደ ሴት ናቸው። ጂቱ አንድ ቅዳሜ ለእናቷ ነጠላ ለመግዛት ብላ ወደ ሱቁ ሄደች። እውነቱን ለመናገር ነጠላው ሰበብ ነው፤ ቤቱን ልታየው ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ወይዘሮ ዘርፈሽ ለአንዲት ደንበኛቸው ጥለት እያሳዩ ሲያወሩ ሰማች።

«የኔው ልጅ ጉድ ይዞብኛል። ከነዚያ ከሚቀረጹት ጋር መዋሉ ሳያንሰው ከዚያች ከከይሲዋ ጋር ታየ ይሉኛል። ያ ዓይኗ የዋዛ ዓይን መሰለሽ? የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ የሚያውቃት የለም። እኔ በቁሜ ይህን ደጅ አትረግጥም።»

ጂቱ ከደረሰችበት እግሯን መልሳ ሄደች። ለማንም አልነገረችም። ለናትናኤልማ እንዴት ብላ ትነግረዋለች? እናትና ልጅን ልታጣላ ነው? በሔዋንነቷ ያጣላችው አይበቃም?

ጉደር ወንዝ ዳር ቀረጻ በነበረበት ቀን ግን ሆድ ሲብሳት ዋለ። ዕረፍት ሲሆን አያንቱ ድንጋይ ላይ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ «እውነቱን ንገሪኝ፤ ናትናኤልን ትወጂዋለሽ አይደል?» አለቻት።

«ማን? ናትናኤል?» አለች ጂቱ፤ በሔዋን ሳቅ ሳቀች። «ማይክ ከመሰካት ሌላ ምን ያውቃል ብለሽ ነው? ለእኔ ምኔም አይደለም።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግንባሯን አያንቱ ትከሻ ላይ ደፋች። «እንዲህ እያልኩ ካልተለማመድኩ አልችልም አያንቱ። እሱን አጥቼ መኖር አልችልበትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ናትናኤል ሌላ ሰው ሆነ። ማይኩን የሚሰካላት ረዳቱ ሆነ። ሰላም ሲላት አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ተቃቅፎ ሲሰነባበት እሱ ሽቦውን ጠቅልሎ በጊዜ ሄደ። ጂቱ ምክንያቱን ስታስብ አንድ ነገር ብቻ ታያት። እናቱ ነግረውታል፤ እሱም ሰምቷቸዋል። ልጃቸው ነው፤ ምን ያድርግ? ብላ ለራሷ ስታስረዳ፣ ስታስረዳ፣ መጨረሻው ዕንባ ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ኦቦ ፉፋ ከጌዶ ደወሉ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ በለመዱት ለስላሳ ድምፅ። «ከኢጃጂ ሽማግሌ ተልኮብኛል። ነገ ለመልስ ይመጣሉ። እኔ አልገፋሽም፤ ታውቂኛለሽ። ልብሽ ውስጥ ሰው ካለ ንገሪኝና ሰዎቹን በክብር ልሸኛቸው። ከሌለ ደግሞ ነይና ልጁን እይው። ምክንያት ሳልይዝ የሰው ሽማግሌ አልመልስም።»

«ዛሬ ሳይመሽ እነግርሃለሁ አባ» አለች። ምን ብላ እንደምትነግራቸው ግን አታውቅም። ልቧ ውስጥ ሰው አለ። እሷ ግን በዚያ ሰው ልብ ውስጥ መኖሯን ማን ይነግራታል?

*

ወይዘሮ ዘርፈሽ አያንቱን በሩ ላይ አቅፈው እያገላበጡ ሳሟት። «የኔ ምስኪን፣ የኔ ፅጌ፣ እንደው ከስተሽ የለም ወይ?» ከዚያ ከኋላዋ የቆመችውን አዩ። እጃቸው አያንቱ ትከሻ ላይ እንዳለ ቀረ።

ጂቱ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። «ጤና ይስጥልኝ እማማ።»

ወይዘሮ ዘርፈሽ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ዝናቡ የልጅቷን ፀጉር አርሶ በግንባሯ ላይ ያወርደዋል። የሴትዮዋ ጨዋነትና አስተዳደግ ከጥላቻቸው ጋር ሲታገል ፊታቸው ላይ ታየ።

«እንግዳ ከደጅ አይመለስም። ግቢ» አሉ በመጨረሻ።

ሳሎኑ በጎረቤት ሞልቷል። ጂቱ በሩ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ቁጢጥ አለች። ሻይ ቀረበ። ቀና ስትል ናትናኤልን ከግድግዳው ጥግ ቆሞ አየችው። እሱም ያያት ነበር፤ ዓይን ለዓይን ሲገጥሙ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ጂቱ ሻይዋን ሳትቀምሰው ያዘችው፤ ሙቀቱ እንኳ ወደ እጇ አልገባ አለ።

ድራማው ጀመረ። የዛሬው ክፍል ሁሉም ሲጠብቀው የከረመው ነው። ሔዋን መድረክ ላይ መሪ ተዋናይ ሆና ይጨበጨብላታል፤ ጭብጨባው ግን ጆሮዋ ውስጥ ይታፈናል፤ በመድረክ ልብሷ እንዳለች ወጥታ በጨለማ ጎዳና ትሮጣለች፤ የፅጌ እናት ቤት ትደርሳለች። ጎረቤቶቹ አጉረመረሙ። «ደግሞ ምን ልትሠራ መጣች?» አሉ እትዬ ወርቅቱ የሚባሉት ጎረቤት፤ ጂቱ እዚያው መቀመጧን ረስተውታል። ሔዋን እጇን አነሳች፤ በሩን አንኳኳች፤ በሩ ገርበብ አለ።

መብራት ሄደ።

ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኤዲያ» አለ። ከሰዓት ቢሆንም በደመናው ምክንያት ሳሎኑ ውስጥ ሰው ከሰው የሚለየው በግምት ሆነ። ትንሽ ጠበቁ፤ መብራቱ አልመጣም።

«አሁን እንዴት ይታደራል?» አሉ እትዬ ወርቅቱ። «ገባች ወይስ ተመለሰች? ቆይ፣ እሷው እዚህ አይደለች እንዴ? ትንገረን።»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«ሲነገር አያምርም» አለች ጂቱ አፍራ።

«እንግዲያው ታሳየን» አለች አያንቱ ብድግ ብላ። «የፅጌን እናት እትዬ ዘርፈሽ ይሁኑልን። መቀመጥ ብቻ ነው።»

«እኔ የናንተን ጨዋታ አልችልበትም» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽ፤ ጎረቤት ግን ለቀቃቸው? «አንቺ ዘርፈሽ፣ ልባችን ተንጠልጥሎ ሊቀር ነው?» እያሉ ወጠሯቸው። ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም ብለው ተቀመጡ። ዝምታቸው እሺታ ተባለ። ናትናኤል የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከጥጉ ወጣ። ብርሃኑን ጂቱ ላይ አደረገው።

ጂቱ ተነሣች። ስንት ጊዜ የተለማመደችው ነገር ነውና እግሯ መንገዱን አውቆ ወሰዳት። ወይዘሮ ዘርፈሽ ፊት ስትደርስ ተንበረከከች።

«እማማ» አለች በሔዋን ድምፅ። «ልጅዎን ያስባረርኳት እኔ ነኝ። ፅጌ ምንም አላጠፋችም። ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው።»

ወይዘሮ ዘርፈሽ አልተንቀሳቀሱም።

«ቀናሁባት እማማ። ለትወናዋ አይደለም የቀናሁት። ሁልጊዜ ማታ እርስዎ ይደውሉላታል፤ በላሽ ወይ ይሏታል። ለብሰሽ ተኚ ይሏታል። እኔ አጠገቧ ተኝቼ እሰማለሁ። የቴአትሩን ቦታ ስወስድባት እሱም አብሮ የሚመጣልኝ መስሎኝ ነበር። ጨበጨቡልኝ። በላሽ ወይ ያለኝ ግን የለም።»

በድርሰቱ ላይ እዚህ ጋ እናቲቱ ተነሥታ ጀርባዋን ትሰጣታለች። ሔዋን ብቻዋን ተንበርክካ ትቀራለች፤ ክፍሉም በዚያ ያልቃል። ጂቱ ጀርባቸውን ጠበቀች።

ወይዘሮ ዘርፈሽ ግን ድርሰቱን አያውቁትም።

«ምን ላድርግሽ?» አሉ ቀስ ብለው። ድምፃቸው ቁጣ ለመሆን ጀምሮ መንገድ ላይ ተወው። «ልምታሽ? ልጄን ስታስለቅሺ ስንት እሑድ እዚህ ተቀምጬ ስረግምሽ ከረምኩ። እናት እንደሌለሽ የት ዐውቄ? አሁን ምን ላድርግሽ?» ጎንበስ ብለው ክንዷን ያዙ። «ተነሺ። ተነሺ እንጂ፤ ወለሉ ይበርዳል።»

ይህ ቃል የትም አልተጻፈም። ጂቱ ልትነሣ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ስንት ወር በቀልድ ስትሸኘው የኖረችው ነገር ሁሉ፣ የጎመን ሻጯ፣ የባልቴቷ ማማተብ፣ የሱቁ በር፣ የናትናኤል አንገት መነቅነቅ፣ አንድ ላይ መጣባት። ፊቷን ወይዘሮ ዘርፈሽ ጉልበት ላይ ደፍታ ተንሰቀሰቀች።

መጀመሪያ ሁሉም ጨዋታው መስሏቸው ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽ ዝቅ ብለው። «የእውነትሽን ነው የምታለቅሺው?»

«አዎ እማማ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ሁሉም ሔዋን ይለኛል» አለች ጂቱ። ይህ የሔዋን ድምፅ አልነበረም። «ስሜ ጂቱ ነው። ሰው አስባርሬ አላውቅም። እናት አለችኝ፤ ደውላ በላሽ ወይ ትለኛለች። ስሜ ጂቱ ነው እማማ።»

የናትናኤል ባትሪ ብርሃን ግድግዳው ላይ እንደ ውሃ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ጂቱ» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽ። ስሙን በአፋቸው ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ክንዷን ለቀው ጭንቅላቷን እቅፋቸው ውስጥ ከተቱት።

እንዲህ እንዳሉ መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ ድንገት ጮኸ፤ የድራማዋ እናት ተነሥታ ለሔዋን ጀርባዋን ስትሰጥ ታየች። ወይዘሮ ዘርፈሽ ጂቱን እንዳቀፉ ቀና ብለው አዩ።

«ይቺ ሴትዮ ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት?» አሉ ተቆጥተው።

እትዬ ወርቅቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ ቤቱ ተከተላቸው። ጂቱ ግን ሰው ሲያያት መቆም ከበዳትና በሳቁ መሐል ሾልካ ወጣች።

*

በረንዳው ላይ ዝናቡ አባርቶ ጣራው ብቻ ይንጠባጠብ ነበር። እጇን በጠብታው ዘርግታ ፊቷን ስትታጠብ ከኋላዋ የሰው እግር ሰማች። ማን እንደሆነ ሳትዞር ዐወቀች።

«ነገ ትሄጃለሽ አሉ» አለ ናትናኤል።

«እሄዳለሁ።»

ጂቱ ሳትጠይቀው ከሄደች ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትጠይቅ እንደምትኖር ታወቃት።

«ቀረጻው ሲያልቅ የምነግርሽ አለ ብለኸኝ ነበር። አልቋል እኮ።»

«ምን ያደርግልሻል?» አለ። «ማይክ ከመሰካት ሌላ የማያውቅ ሰው ምን ቁም ነገር ይነግርሻል?»

ጂቱ ክው ብላ ዞረች። የገዛ ቃሏ ነው። «ማን ነገረህ?»

«አንቺው። ጉደር ላይ። ማይኩ ደረትሽ ላይ ክፍት ነበር፤ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር። ልሰማሽ ብዬ አይደለም፤ ልዘጋው ስል ስሜን ጠራሽ።»

«ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያልኩትንስ?»

«አልሰማሁም። አውልቄ ጣልኩት።»

ጂቱ ዓይኖቿን ጨፈነች። ያን ሁሉ ቀን፣ ያን ሁሉ ዝምታ፣ ተሰምታ ያላለቀች አንዲት ዓረፍተ ነገር አመጣችው። ልትቆጣው ፈለገች፤ ልትስቅም ፈለገች፤ አንዱም አልመጣላትም። «እንግዲያው አሁን ስማው» አለችና ትንፋሽ ወሰደች። ረጅም ነበር። ናትናኤል ያን ትንፋሽ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ ገና ቃሉ ሳይወጣ ግማሹ ነገር ገብቶታል።

«እንዲህ እያልኩ ካልተለማመድኩ አልችልም አልኩ። እሱን አጥቼ መኖር አልችልበትም አልኩ። አያንቱ ትከሻ ላይ እያለቀስኩ ነው ያልኩት። እናትህ ሱቅ ደጅ ቆሜ ስለ እኔ ያሉትን ሰምቼ ነበር። አንተን ለእሳቸው ልተው እየሞከርኩ ነበር።»

ናትናኤል የበረንዳውን ቋሚ ያዘ።

«ከዚያ ቀን በኋላ» አለ ድምፁ እየሰለለ፣ «ማዳመጫውን ባደረግኩ ቁጥር ያንቺን ድምፅ ዝቅ አደርገው ነበር። ዳይሬክተሩ ሔዋን አትሰማም እያለ ይቆጣኛል። ምን ላድርግ? ድምፅሽን ዝቅ ካላደረግኩት እጄ ሥራ አይሠራም። እወድሻለሁ ልልሽ ነበር ጂቱ። ቀረጻው ሲያልቅ ልልሽ የነበረው እሱ ነው። አሁንም ያለኝ እሱው ነው።»

ጂቱ ያለችበትን ቦታ ረስታ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ብርድ ላይ ምን ትሠራላችሁ?»

ወይዘሮ ዘርፈሽ ጋቢ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ናትናኤል ወደ እናቱ ዞሮ፣ «እማዬ፣ ጂቱን እኔ...» ብሎ ጀመረ።

«ተወው፤ ዐውቄዋለሁ» አሉ። «የያዝከው መብራት እንዲያ ሲንቀጠቀጥ አላየሁም መሰለህ?» ጋቢውን ጂቱ ላይ ደረቡላት፤ ጫፉን አንገቷ ሥር ሲያስተካክሉ እጃቸው ዘገየ። «ሱቅ ውስጥ ስንት ነገር አውርቼብሻለሁ።»

«ሰምቼዎታለሁ እማማ። ነጠላ ልገዛ መጥቼ ነበር።»

ወይዘሮ ዘርፈሽ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ለማን ነበር ነጠላው?»

«ለእናቴ።»

«ማን ትባላለች?»

«ወለተ ማርያም።»

«አባትሽስ?»

«ፉፋ። ኦቦ ፉፋ፤ የጌዶ ከብት ነጋዴ ናቸው።»

«የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቃት የለም ብዬ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ። «ሳይጠይቁ ከየት ይታወቃል?»

የጂቱ ስልክ ጠራ። አባቷ ናቸው፤ ሊመሽ ነው። አነሣችው፤ በኦሮምኛ ስታናግራቸው ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆነ።

«እህ ኢንታላ ኮ፣ ለሽማግሌዎቹ ምን ልበላቸው?»

«ሰው አለ አባ» አለች ናትናኤልን እያየች። «ልቤ ውስጥ ሰው አለ።»

«የማን ልጅ ነው?» አሉ ኦቦ ፉፋ።

ጂቱ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ዕንባዋ ቀደማት። የማን ልጅ እንደሆነ ለመናገር የሚገባው ሰው አጠገቧ ቆሟል። ወይዘሮ ዘርፈሽ ለሃያ ዓመት ጌዶ ገበያ ድረስ ጥበብ የሸጡ ሴት ናቸው፤ በኦሮምኛ የተባለው አልጠፋቸውም። እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጪኝ።»

ስልኩን ተቀብለው ነጠላቸውን አመቻቹ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ትልቅ ሰው ፊት እንደሚቀርብ ሰው ቀጥ አሉ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ፉፋ? ነጉማ? ፈዩማ?»

ከወዲያ በኩል ኦቦ ፉፋ የኦሮምኛ ሰላምታውን በመገረም መለሱ፤ እሳቸውም በተራቸው ጠየቁ። ደህንነት ተጠየቀ፤ ልጆች ተጠየቁ። ወይዘሮ ዘርፈሽ ከብቱ ደህና ነው ወይ አሉ፤ ኦቦ ፉፋ የአምቦ ዝናብ እንዴት ነው አሉ። ማዳበሪያው፣ መንገዱ፣ የወይዘሮ ወለተ ማርያም ጤና፣ አንድም ሳይቀር በወጉ ተዳረሰ። ማንም ወደ ጉዳዩ አልቸኮለም። ትልልቅ ሰዎች ወደ ትልቅ ነገር የሚሄዱት እንዲህ ነው።

ጂቱና ናትናኤል ጎን ለጎን ቆመው ወዴት ማየት እንዳለባቸው ጠፋቸው። በጋቢው ሥር እጁ እጇን አገኘው። ማይክ ሲሰካላት ያን ያህል ይጠነቀቅ የነበረው እጅ ነው፤ አሁንም ጠበቅ አላደረጋትም፤ እሷ ግን አጥብቃ ያዘችው። ከስልኩ ውስጥ አባቷ ሲስቁ ተሰማት። ያን ሳቅ ታውቀዋለች፤ ፊቱ ደስ ያላቸውን ሰው ሲያገኙ የሚስቁት ነው። ዛሬ ደግሞ ፊት እንኳ ሳያዩ ሳቁት።